መሃል የቀሩት ዓመታት

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ በወሎ ቆላ አስፋልት ዳር በተዘረጋች ትንሽ ከተማ ይመር አሊ የሚባሉ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ሕዝቡ «ፎቶ ይመር» ነበር የሚላቸው። ከመስጊዱ ቁልቁል ሲወረድ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ በር የሳቸው ነው። ፎቶ ቤቱ ከፊት፣ መኖሪያቸው ከኋላ። በዚያች ከተማ መታወቂያ ያወጣ፣ የተፈተነ፣ ያገባ፣ የወለደ ሰው ሁሉ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ «ቀና በል፤ ትከሻህን ልቀቅ» ተብሏል።

እየቆየ ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ሌላ ዓይነት ሰዎች ሆኑ። በረሃ አቋርጠው፣ ባሕር ተሻግረው ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ወጣቶች። ለእናታቸው ሳይናገሩ ነው የሚሄዱት። ፎቶ ግን ይነሳሉ። ጉርድ ፎቶውን ኪሳቸው ከተው ይወጣሉ፤ ለምን እንደሚነሱ ፎቶ ይመር ጠይቀው አያውቁም።

የደረሰው ይደውላል። ያልደረሰው ዝም ይላል። ዝምታው ሲረዝም እናትየዋ ወደ ሰማያዊው በር ትመጣለች።

«ይመር፣ የልጄ መልክ አለህ?»

ሬሳ በሌለበት፣ መቃብር በሌለበት፣ ሰው የሚያቅፈው አንድ ነገር ይፈልጋል። ፎቶ ይመር ጥግ ላይ ያለውን አሮጌ ዴስክቶፕ ከፍተው ዓመተ ምሕረቱን ይፈልጋሉ። ምስሎቹን ሁሉ በየዓመቱ ፎልደር ለይተው ነው ያስቀመጧቸው። ልጁን ያገኙታል፣ ትልቅ አድርገው ያትሙታል፣ በሁለት እጃቸው ይሰጣሉ። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርገው ጥቂት ይቀመጣሉ።

በዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ ከዓመታቱ ሁሉ በታች፣ «ሰዓዳ» የሚል አንድ ፎልደር ነበር። ሰዓዳ የሞተችው ሚስታቸው ናት። ውስጡ ያለው አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው፤ ከመሞቷ በፊት በነበረው ዒድ ልጆቿን በተራ አስቀምጣ ስትመርቅ። መሃል ላይ ምርቃቱ ይጠፋባትና ትስቃለች። «ይመር፣ አጥፋው እንጂ፤ ከመቼ ወዲህ ነው ዱዓ ሲቀረጽ!» ትላለች። አላጠፉትም። የሰዓዳ ድምፅ በዓለም ላይ የቀረው እዚያ ብቻ ነበር። ፎቶ ይመር ጁምዓ ሰግደው ሲመለሱ ይከፍቱትና፣ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «አሚን» ብለው ይዘጉታል።

ከዚያ ደም ግፊት ጣላቸው። ሐኪም ቤት ሰንብተው ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ አንደበታቸውም ተይዟል። የሚነገረውን ሁሉ ይሰማሉ፣ የሚያውቁትን ሁሉ ያውቃሉ፤ ከአፋቸው የሚወጣው ግን «እ… እ…» ብቻ ሆነ።

ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ታላቅየዋ ዘሃራ ኮምቦልቻ ሒሳብ ታስተምራለች፤ የጀመረችውን ነገር ከመሃል መተው የማትወድ፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። ሁለተኛው እንድሪስ ደሴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ነገር ከመበላሸቱ በፊት የሚታየው፣ ግን ለሰው ማስረዳት የማይሆንለት ልጅ። ትንሽየዋ ሐዋ ከአባቷ ጋር ቀረች። ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ፎቶ ቤቱንም ትከፍታለች። ጁምዓ ሲደርስ አባቷን ደግፋ ኮምፒውተሩ ፊት ታስቀምጥና የእናቷን ቪዲዮ ትከፍትላቸዋለች።

አንድ ጁምዓ ቪዲዮው ከመሃል ቆመ። የሰዓዳ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ከኮምፒውተሩ ሆድ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ወጣ።

ሐዋ ለሁለቱም ደወለች። ዘሃራ፣ «ፈተና ላይ ነኝ እኮ፤ ትምህርት ሲዘጋ መጥቼ አየዋለሁ» አለች። እንድሪስ፣ «አቧራ ይሆናል፣ ንፊበት። ደግሞ ብዙ አታብሪው» አላት። ሐዋ ነፋችበት። ብዙ ላለማብራትም ሞከረች። ግን እናቶቹ ይመጣሉ፤ አባቷም ጁምዓ ሲሆን ወደ ጥጉ ያያሉ። ምን ታድርግ?

በኋላ እማማ አትጠገብ መጡ። የሰዓዳ የልብ ጎረቤት ነበሩ፤ በዒድም በፋሲካም ሁለቱ ቤት አንድ ማዕድ ነበር። ልጃቸው ምስጋናው ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ፎቶውን አልጠየቁም፤ መጠየቅ ማመን ነውና። አሁን ግን አብሮት የተሳፈረ ልጅ ተመልሶ መጥቶ፣ ጀልባዋ ስትገለበጥ ማን ማን እንዳልወጣ በስም ነግሯቸው ነበር።

«ሐዊዬ፣ ያንን ጉርፉን ስጪኝ» አሉ። ጉርድ ፎቶ ለማለት ነው አፋቸው የሳተው። «ከነሐሴ በፊት ነው የተነሳው፤ ጎርፉ ድልድዩን የወሰደ ዓመት።»

ሐዋ ፎልደሩን ከፈተች። ምስል መሆን የነበረባቸው ቦታዎች ሁሉ ባዶ ግራጫ አራት ማዕዘን ሆነው መጡ። ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ስክሪኑ ደረቀ።

«ነገ ይምጡ፣ እማማ።»

በማግስቱ መጡ። በሦስተኛው ቀንም መጡ። ከዚያ በኋላ ሳይጠሯቸው ጠዋት ጠዋት እየመጡ ደጃፉ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ይቀመጡ ጀመር። አይጠይቁም፤ ይቀመጣሉ ብቻ። ሐዋ ይህን ለዘሃራ በስልክ ስትነግራት መጨረስ አቃታት፤ አለቀሰች።

ዘሃራ ያን ጊዜ ተነሳች። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዳ አዲስ አበባ ሄደች፤ የሚያውቅ ሰው ጠይቃ አንድ ጥቁር ሳጥን ይዛ መጣች። ሁለት ዲስክ በውስጡ የያዘ ማከማቻ ነው፤ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር በገመድ ይገናኛል። እንዲህ ስትል ለሐዋ አስረዳቻት፦

«አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ይይዝልናል። አንዴ እዚህ ውስጥ ከገባ አባ አልጋቸው ላይ ሆነው በቴሌቪዥኑ እማን ያያሉ። አንቺም በስልክሽ ከፍተሽ ለሰዎቹ ታትሚያለሽ። ያንን ኮምፒውተር ዳግመኛ ማንም አይነካውም።»

እንድሪስም ከደሴ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ፎቶ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። አባታቸውን ወንበር አምጥተው በሩ አጠገብ አስቀመጧቸው። እማማ አትጠገብ ውጭ፣ አግዳሚው ላይ ናቸው።

እንድሪስ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ እጁን ዲስኩ ላይ አደረገ። ወዲያው አነሳው።

«ይሄ እየሞተ ነው» አለ። «ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አላውቅም። እታለም፣ ሁሉንም አይጨርስም። በጣም ከሚያስፈልገው እንጀምር።»

«በጣም የሚያስፈልገው የቱ ነው?» አለች ዘሃራ።

«የሄዱት ልጆች።»

«የሄደውንና የቀረውን ማን ለየልህ? አባ ሰው መርጠው አንስተዋል? በሩን የገባውን ሁሉ ነው ያነሱት። እኛ የማን ፊት ይትረፍ፣ የማን ይጥፋ ብለን ልንፈርድ አንቀመጥም። ከመጀመሪያው ዓመት እንጀምርና እስከ መጨረሻው እንሂድ፤ አላህ እስከፈቀደው።»

ከመጀመሪያው ዓመት ጀመረች። አረንጓዴው መስመር ስክሪኑ ላይ መሳብ ጀመረ። የድሮ ሙሽሮች፣ ሰፊ ሱሪ የለበሱ ጎረምሶች፣ የሞቱ ሽማግሌዎች፣ ዛሬ ልጅ የወለዱ ሕፃናት በገመዱ ውስጥ እያለፉ ወደ ጥቁሩ ሳጥን ገቡ። እንድሪስ ማራገቢያ አምጥቶ ዲስኩ ላይ ደቀነ። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ሦስት ጤነኛ ሰዎች ተቀምጠው አንድ መስመር ያዩ ጀመር። ሲፈጥን ትንፋሻቸው ይወጣል፣ ሲዘገይ ይያዛል።

ቀትር ሲቃረብ መስመሩ ዘገየ። እየዘገየ እየዘገየ ሄዶ፣ ጎርፉ ወደመጣበት ዓመት ሲጠጋ፣ ያለ የሌለ ሆነ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ተጣብቋል» አለ እንድሪስ። «የተበላሸው ቦታ ላይ ደርሷል። እዚያው እያኘከ ራሱን ይገድላል። አቋርጪው፤ በዚያኛው ጫፍ እንግባ።»

«እየሄደ ነው። ቀስ አለ እንጂ አልቆመም። እዚህ ድረስ አምጥተን ልንተወው?»

ዘሃራ ዙህር ለመስገድ ተነስታ ወደ ጓሮ ገባች።

እንድሪስ ወደ በሩ አየ። እማማ አትጠገብ ጀርባቸው ይታያል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አስፋልቱ ያያሉ። እንድሪስ መስመሩን አቋረጠው። ወደ ዝርዝሩ ታች ወረደ። መጀመሪያ ያገኘው «ሰዓዳ» የሚለውን ነበር። ጣቱ እዚያ ላይ ቆየ።

«ወንድምዓለም፣ የእማን አስቀድመው» አለች ሐዋ በቀስታ።

«ቪዲዮው ከባድ ነው፣ ሐዋ። ከመሃል የሚቆምበት ቦታ አለው። እሱ ላይ ከተጣበቅን ሁሉንም እናጣለን።»

«አባ እኮ እየሰሙ ነው።»

እንድሪስ ወደ አባቱ ዞር አላለም። «እማን ቀብረናታል። መቃብሯን እናውቃለን፣ ሄደን ዱዓ እናደርጋለን። እነዚህ ልጆች ከዚህ ሌላ መቃብር የላቸውም» አለና የእናቱን ፎልደር ዘለለው። ከመጨረሻው ዓመት ጀምሮ ወደ ኋላ መቅዳት ጀመረ። መስመሩ ነፍስ ዘራ። ጥቁር ጃኬት እየተዋዋሱ የተነሱ፣ ገና ጢም ያላወጡ ልጆች አንድ በአንድ ገቡ።

ዘሃራ ስትመለስ ያደረገውን አየች። 

«እኔ አላህ ፊት ቆሜ ሳለ?»

«አንቺን ስጠብቅ ይሞታል።»

«ስትነካካው ነው የሚሞተው! ቀስ ብሎ ይደርስ ነበር። አንድ ዓመት ነው የቀረው የእማማ አትጠገብ ልጅ ዘንድ ለመድረስ!»

«በዚህም በኩል እደርስበታለሁ።»

ያን ጊዜ ፎቶ ይመር «እ… እ…» አሉ። ግራ እጃቸውን አነሱ። ሦስቱም ዞሩ። እጃቸው ወደ ፊት ተዘርግቷል። ዘሃራ፣ «ኮምፒውተሩን ነው የሚያሳዩት፤ አትንኩት ማለታቸው ነው» አለች። እንድሪስ፣ «በሩን ነው፤ እማማ አትጠገብን ነው» አለ። ሐዋ አጠገባቸው ተንበርክካ ጆሮዋን ወደ አፋቸው አስጠጋች።

«አባ፣ እማን ነው? የእማን ነው የሚሉት?»

«እ… እ…» አሉ ደጋግመው። ከዓይናቸው ውሃ ወረደ። ማንም አልገባውም። እጃቸው ቀስ እያለ ጭናቸው ላይ ወደቀ።

መብራት የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ማራገቢያው ዝም አለ፣ ስክሪኑ ጨለመ፣ ቀጭ የሚለውም ቆመ። ለመብራት መጥፋት ማን ምን ያደርጋል? ከጎረቤት ጀነሬተር ለመዋስ ሐዋ ሮጠች፤ ነዳጅ የለውም ተባለች። ተቀመጡ። እማማ አትጠገብ ከውጭ ሆነው፣ «አለቀ ወይ?» ብለው ጠየቁ።

የአሱር ሰላት ሲደርስ መብራት መጣ። ኮምፒውተሩ ተነሳ። ዲስኩ ግን የለም። አጠፉት፣ አበሩት፤ የለም። እንድሪስ ገመዱን ነቅሎ ሰካ፣ ሌላ ገመድ ሞከረ፤ የለም። ጥቁሩን ሳጥን በሐዋ ስልክ ከፍተው አዩ። ዘሃራ ያስገባቻቸው የፊተኞቹ ዓመታት ሁሉ አሉ። እንድሪስ ያስገባቸው የኋለኞቹም አሉ። መሃል ላይ ያሉት ጥቂት ዓመታት የሉም፤ ምስጋናው የተነሳበትም ከመሃል ነው። ሰዓዳም የለችም።

«ብትተወው ይደርስ ነበር» አለች ዘሃራ።

«ጠዋት ብትሰሚኝ ኖሮ ከረፋዱ በፊት እደርስ ነበር» አለ እንድሪስ።

ከሁለቱ የማን እውነት እንደሆነ ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም። ሁለቱም በየፊናቸው ወደየመጡበት ሄዱ። ሲሰነባበቱ አልተሳሳሙም።

ሐዋ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ፈታ በፎጣ ጠቀለለችው። አክስቷን ለምና ከአባቷ ጋር አስቀመጠችና አዲስ አበባ ወጣች፤ ከዚያ በፊት ከደሴ አልፋ አታውቅም። ከተበላሸ ዲስክ ላይ የጠፋ ነገር ያወጣል የተባለ ባለሙያ ዘንድ ጠያይቃ ደረሰች። ባለሙያው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዲስኩን ጆሮው ላይ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«እህት፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ይሄ የሚነሳ ከሆነ አንዴ ይነሳል። ሁለተኛ አይነሳም። ሲነሳ ምን ላስቀድምልሽ?»

ሐዋ ስልኳን አወጣች። የዘሃራ ቁጥር አለ፤ የእንድሪስም አለ። ትደውል ዘንድ ጊዜ ነበራት፣ ኔትወርክም ነበራት። ዘሃራ፣ «ከመሃሉ፣ በቅደም ተከተል» እንደምትል ታውቃለች። እንድሪስም፣ «የሄዱትን፤ የእማማ አትጠገብን ልጅ» እንደሚል ታውቃለች። አባቷ ደግሞ ምንም እንደማይሉ ታውቃለች። ስልኩን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሰዓዳ የሚል አለ» አለች። «እሱን አስቀድምልኝ።»

ዲስኩ ተነሳ። ባለሙያው ቪዲዮውን አወጣው። ሐዋ፣ «አሁን ያንን፣ ጎርፉ የመጣበትን…» ስትል ዲስኩ አንድ ረጅም የሚፍቅ ድምፅ አሰማና ዝም አለ። ባለሙያው እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። «በቃ» አለ።

ሐዋ ወደ ቤቷ ተመልሳ ቪዲዮውን ጥቁሩ ሳጥን ውስጥ አስገባችው። ጁምዓ ነበር። አባቷን አልጋቸው ላይ ቀና አድርጋ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። ምስሉ ተበለሻሽቷል፤ አረንጓዴና ሐምራዊ ቁርጥራጭ ከመሆን በቀር ፊት የለውም። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ወጣ። ሰዓዳ መረቀች። ምርቃቱ ጠፋባት። ሳቀች። «ይመር፣ አጥፋው እንጂ!»

ፎቶ ይመር ግራ መዳፋቸውን ወደ ላይ ገለበጡ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አንድ እጅ ብቻ ነው የታዘዘላቸው፤ በእሱ ፊታቸውን ዳበሱ።

ያ ድምፅ በመስኮት ወጥቶ ደጃፍ ድረስ ተሰምቷል። ሐዋ ስትወጣ እማማ አትጠገብ ከአግዳሚው ተነስተው በሩን ተደግፈው ቆመዋል።

«የሰዓዳ ድምፅ ነው» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እሷን አገኛችሁ?»

ሐዋ ሌላ ሰው እንዲነግራቸው ማድረግ ትችል ነበር። የምስጋናው ዓመት አስቀድሞ ጠፍቶ ነበር ብላም መዋሸት ትችል ነበር። አላደረገችውም።

«አንዴ ብቻ ነው የሚነሳው አሉኝ። ምረጪ አሉኝ። የእናቴን መረጥኩ። ምስጋናው አልወጣም፣ እማማ። ከእንግዲህም አይወጣም። እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

ሐዋ እማማ አትጠገብ ቢመቷት ደስ ይላት ነበር። አልመቷትም።

«አንቺ እናትሽን ፈለግሽ፣ እኔ ልጄን ፈለግሁ» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ አግዳሚዋ ላይ አልመጡም።

ወሬው ከተማውን ሞላ። ዘሃራም እንድሪስም ሰሙ። ዘሃራ ሐዋን፣ «አንድ ቃል እንኳ ሳትጠይቂን!» አለቻት። እንድሪስ ስልኳን ማንሳት አቆመ። የአንድ እናት ልጆች ተኮራረፉ፤ አባታቸው እየሰሙ።

አባገሮቹ፣ የአገር አስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ ይህን ሲሰሙ ተሰብስበው መጡ። ታላቃቸው ሼህ ሙሄ መሃል ተቀመጡ። «ይመር ከእንግዲህ አያነሳም» አሉ። «ምስሉን እንደሆነ ለሦስታችሁም መቅዳት ይቻላል ብላችሁኛል። ፎቶ ቤቱ ግን አንድ ነው። እናት ስትመጣ በሩን ከፍቶ ‹አለ› ወይም ‹የለም› የሚላት አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ማን ይሁን? ለየራሳችሁ ተናገሩ።»

ዘሃራ፣ «ሳጥኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ባልነሳ ዛሬ አንድም ፊት አልነበረም። ማንንም ከማንም አላስበለጥኩም። በዚህ በር ፍርድ እንዳይገባ ከፈለጋችሁ ፎቶ ቤቱን ለኔ ስጡ።»

እንድሪስ፣ «የሄዱት ልጆች ዛሬ ያሉት እህቴን ስላልሰማሁ ነው» አለ። «ከኋለኞቹ ዓመታት ፎቶ የወሰዱ እናቶችን ጠይቁ። የገዛ እናቴን ዘልዬ የሰው ልጅ አስቀድሜያለሁ። እኔ ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።»

ሐዋ መጀመሪያ አልናገርም አለች። ሲያስጨንቋት፣ «እኔ በዚህ በር ‹የለም› ብያለሁ» አለች። «ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ። ደግሞ አባቴ የቀራቸው ጆሯቸው ነው፤ ለእሱ ነው ያደረግኩት። ጥፋት ከሆነ ጥፋት ነው።»

ሼህ ሙሄ የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ተቀብለው በፎቶ ይመር ግራ መዳፍ ላይ አስቀመጡት። «ይመር፣ አንደበት ባይኖርህ እጅ አለህ። ላመንክበት ስጥ፤ ምርቃትህም አብሮ ይሂድ።»

ፎቶ ይመር ቁልፉን ጨበጡ። እጃቸውን አነሱ። ሦስቱ ልጆች ጎን ለጎን ተንበርክከዋል። እጃቸው ወደ ፊት ሄደ፤ ወደ ግራ አለ፣ ወደ ቀኝ አለ። «እ… እ…» አሉ። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። ሊሉ የፈለጉት ነገር እንዳለ ሁሉም አየ፤ ምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። ጣታቸው ተከፈተና ቁልፉ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ለማንም አልቀረበም፣ ከማንም አልራቀም። ሊያነሳው የደፈረ አልነበረም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «የተጎዳው ይፍረድ፤ አትጠገብ ይጠሩ» አለ። ተጠርተው መጡ። ሦስቱንም አዩ፤ በጀርባቸው አዝለዋቸው የሚያውቁ ልጆች ናቸው። ከዚያ ቁልፉን አዩ።

«እኔን አትጠይቁኝ» አሉ። «እኔ የማውቀው አንድ ፊት ነው። እሱም በየቀኑ እየደበዘዘብኝ ነው። ትናንት ቅንድቡ ጠፋኝ።»

ብለው ወጡ። ሽማግሌዎቹም ፍርድ ሳይሰጡ ተነሱ።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። ሁሉንም ሳትለይ ያስቀደመችው ዘሃራ፣ የገዛ እናቱን ዘልሎ የሰው ልጆችን ያተረፈው እንድሪስ፣ ለአባቷ ስትል መርጣ የመረጠችውን በአፏ የተናገረችው ሐዋ፤ እናንተ ብትሆኑ ያንን ቁልፍ ከምንጣፉ ላይ አንስታችሁ ለማን ትሰጡ ነበር?